ከኪጋሊ እስከ ኪቩ ሐይቅ በአንድ ቀን፦ አጃቢው መኪና የት ይቁም?

ሰንሰለት፣ ከሰንጋ ተራ፦

ውድ የመድረኩ አባላት፣ በሐምሌ ወር ከኪጋሊ ተነሥተን በሙሳንዜ በኩል እስከ ሩባቩ፣ ማለትም እስከ ኪቩ ሐይቅ ዳርቻ ድረስ በአንድ ቀን በብስክሌት ስለነዳነው መንገድ ብዙዎቻችሁ በግል መልእክት ስለጠየቃችሁኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው እየቆራረጥኩ ከምመልስ ሁላችሁም በምታዩት ቦታ ልጽፈው ወስኛለሁ። የተራሮቹን ፎቶ በየስልካችሁ ስላያችሁ ስለ ውበታቸው አላደክማችሁም። የዕለቱ ደስታም ጭቅጭቅም የመጣው በአጃቢው መኪና በኩል ስለሆነ የምጽፈው ስለ እርሱ ነው።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ለመግለጽ፣ ርቀቱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ድረስ ነድቶ የሚያውቅ ሰው «ሃያ ኪሎ ሜትር ቢጨመርበት ነው» ብሎ ሊንቀው ይችላል፤ ነገር ግን ርዋንዳ ውስጥ ሜዳ የሚባል ነገር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ከኛቡጎጎ መናኸሪያ ወጥታችሁ እግራችሁ ገና ሳይፍታታ የሾሮንጊ ዳገት ይቀበላችኋል። ከዚያ ወርዳችሁ ኚራንጋራማ ላይ ትንሽ ካረፋችሁ በኋላ በኪቩሩጋ በኩል ረጅሙ አቀበት ይጀምራል። ሙሳንዜ ስትደርሱ 4,507 ሜትር ከፍታ ያለው ካሪሲምቢና የቀሩት የቪሩንጋ እሳተ ገሞራዎች፣ ደመና ካልሸፈናቸው፣ ከፊት ለፊት ይታያሉ። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ቀኑ ያለቀ ይመስለዋል፤ መንገዱ ግን ወደ ሙካሚራ እንደገና ይወጣና ከዚያ በኋላ ነው 1,460 ሜትር ላይ ወዳለው ሐይቅ የሚወርደው።

ለአጃቢነት አንድ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ኪጋሊ ውስጥ ተከራየን፤ አንድ መካኒክና ምግብና ውሃ የሚይዝ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ይዘን ሄድን፤ ከሁላችን ኋላ የሚመጣ አንድ ሞተረኛም እዚያው ቀጠርን። ከመሄዳችን በፊት አብዛኞቻችን መኪናው ከኋላችን ቀስ እያለ እየተከተለ እንዲጠብቀን ነበር የፈለግነው። እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጠባብ መንገድ ላይ በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ ከኋላው የጭነት መኪና ሰልፍ ይሰበስባል። የሰለፉት ሹፌሮች ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ሚኒባሱንና ብስክሌተኞቹን ባንድ ጊዜ ለመቅደም ይሞክራሉ፤ ይህም በመታጠፊያ ላይ ሲሆን እንጠበቅበታለን ያልነው መኪና ራሱ አደጋ ጠሪ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ብስክሌቱ ከሚኒባሱ ስለሚፈጥን ከኋላ ያለው መኪና ለማንም አይደርስም።

ስለዚህ መኪናው ቀድሞን እየሄደ እንዲጠብቀን አደረግን። ዳገቱ ከባድ ከሆነ አሥር፣ ቀለል ካለ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀድምና የመንገዱ ትከሻ ሰፋ ያለበትን ቦታ መርጦ ይቆማል። ቦታውን መምረጥ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ የቀኑ ግማሽ ሥራ ግን እርሱ ነው። ሰው በተፈጥሮው መኪናው ከዳገቱ ሥር ቆሞ እንዲያበረታታው ይፈልጋል፤ ይህ ግን ጥቅም የለውም። የሚበጀው ጫፉ ላይ መቆሙ ነው፤ ምክንያቱም ቡድኑ የሚበታተነው ዳገት ላይ ስለሆነ ቆጠራ የሚደረገው ጫፍ ላይ ነው፤ በላብ የራሰው ሰው ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ጃኬት የሚያስፈልገውም እዚያው ነው። የእያንዳንዳችንን ጃኬት የያዘው ከረጢት አፉ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታስሮበት የኋላው መቀመጫ ላይ በተርታ ተቀምጦ ስለነበር ማንም ሰው የሌላውን ሲጎረጉር አልታየም። ውሃ የሚያቀብለው ልጅ ከመኪናው ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ታች ወርዶ፣ የጠርሙሱን አንገት በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ፣ እጁን ወደ መንገዱ ዘርግቶ ከእኛ ጋር እየሮጠ ያቀብለን ስለነበር መቆም ያልፈለገ ሰው ሳይወርድ ያልፍ ነበር። መቆሚያውም ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እግር ይደርቃል፣ ወሬም ይጀመራል።

አከራካሪው ጉዳይ የሰዓቱ ገደብ ነው። ኪጋሊ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቆጥር የምጽፈው በእነርሱ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥተን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ድረስ ሙሳንዜ ያልደረሰ ሰው ቀሪውን መንገድ በመኪና እንዲጨርስ ተስማምተን ነበር። አገሩ የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ፀሐይ ማታ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቅና ወዲያው ይጨልማል፤ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ቁልቁለት በጨለማ መውረድ ደግሞ ለማንም አይመከርም። ሙሳንዜ ላይ አንድ ባልንጀራችን በዚህ ደንብ ምክንያት መኪና ውስጥ ገባ፤ ሳይወድ ነው የገባው፤ እስካሁንም አልተዋጠለትም። እኔ ደንቡ ትክክል ነበር እላለሁ። እናንተ ብትሆኑ ውሳኔውን ለማን ትሰጡት ነበር?

የአራት ኪሎዋ፦

ጽሑፉ ጠቅሞኛል፤ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ወንዶች ስለ መንገድ ስትጽፉ ሁልጊዜ የምትዘሉት ጉዳይ ስለሆነ በግልጽ እጠይቃለሁ። መኪናው የሚቆመው ዳገት ጫፍ ላይ ከሆነ ሴቶቹ የሚጸዳዱት የት ነው? ርዋንዳ ሰው በሰው ላይ የሰፈረበት አገር ስለሆነ እንደ ሱሉልታ ሜዳ ዞር ብሎ መመለስ እንደማይቻል ሰምቻለሁ። ባለፈው እኛ ወደ ደብረ ሊባኖስ በነዳንበት ዕለት ሁለት እህቶች ይህንኑ ፈርተው ግማሹን ቀን ውሃ ሳይጠጡ እንደነዱ በኋላ ነገሩን። ውሃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ሰንሰለት፦

ልክ ነሽ፣ ሳልጽፈው ማለፍ አልነበረብኝም። ከዳገቱ ጫፍ ሌላ፣ መጸዳጃ ያለባቸውን ቦታዎች አስቀድመን መዝግበን ነበር። ዋናው ኚራንጋራማ ነው፤ በኪጋሊና በሙሳንዜ መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ ሁሉ የሚቆምበት፣ «አካባንጋ» የሚባለው የታወቀው የበርበሬ ዘይት የሚሠራበት ትልቅ ማረፊያ ነው። (የዘይቱን ጠብታ በቁጥር አድርጉት፤ ሚጥሚጣ ለምጃለሁ ብሎ የደፈረ ሰው ሲያለቅስ አይተናል።) ቀጥሎ ሙሳንዜ ከተማ ውስጥ፣ ከዚያም ሙካሚራ ላይ የነዳጅ ማደያ ነበር የተጠቀምነው። ሴቶች ያሉበት ቡድን ከእነዚህ መካከል አንድ ተጨማሪ መቆሚያ ከሹፌሩ ጋር ተነጋግሮ ቢያስገባ ጥሩ ነው፤ ኪጋሊ ያደገ ሹፌር ቦታውን ያውቀዋል።

ጋሽ ለገሃር፦

ልጆቼ፣ ያነበብኩት ነገር ደስ ቢለኝም የማልስማማበትን ከመጻፍ አልመለስም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩን። እኔ በልጅነቴ ስለ እነርሱ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። እኛ ናዝሬት ደርሰን ስንመለስ አጃቢያችን በኪሳችን የያዝነው መለጠፊያና ማስቲሽ ነበር። ጎማ ሲተነፍስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንለጥፋለን፤ ጓደኛችን ይጠብቀናል።

ይህን የማነሣው የድሮውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። መኪና አለ ብሎ የሚነዳ ሰው ኪሱን ባዶ አድርጎ ይነዳል። ሲርበው «አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረኝ፣ እዚያ እበላለሁ» ይልና ሳይበላ ይቀራል፤ ዳገቱ መሃል ላይ ጉልበቱ ሲከዳው መኪናው ጫፍ ላይ ነው። ሲበርደው ጃኬቱ ከረጢት ውስጥ፣ ከረጢቱ መኪናው ውስጥ ነው። ጎማው ሲተነፍስ መንፊያ የለውም። ጃኬትህንም ጉርስህንም መኪናው ይዞልህ ሲሄድ አንተ ባዶህን ትቀራለህ፤ እኔ የታየኝ ይህ ነው።

ሰንሰለት፦

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። የተናገሩት በትክክል የደረሰ ነገር ነው፤ ኪቩሩጋ ላይ ሁለት ሰዎች በርስዎ አባባል ልክ ባዶ ኪስ ይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉዞ ማንም ሰው አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ አንድ ትንሽ መንፊያና የአንድ ሰዓት ምግብ በራሱ ኪስ ሳይዝ ከመነሻው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ይገባናል።

ይሁን እንጂ መኪናው ይቅር ወደሚለው አልመጣም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር ኪጋሊ ላይ ሲካሄድ የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ታዴይ ፖጋቻር ያሸነፈበትን ይህን ውድድር የጨረሱት 30 ሰዎች ብቻ ናቸው። እነዚያ በዓለም የታወቁ ብስክሌተኞች የሚከተላቸው መኪና ነበራቸው፤ አብዛኞቹም አቋርጠው ወጥተዋል፤ ማንም አልናቃቸውም። የእነርሱ መኪና ከኋላ የሚከተለው መንገዱ ለሕዝብ ተዘግቶ ስለነበር መሆኑን ግን ልብ እንበል፤ መኪናው ከኋላ ይሁን ለሚሉት ወገኖች የምመልሰውም ይህንኑ ነው። በቴሌቪዥን ያየነው ሁሉ ክፍት መንገድ ላይ አይሠራም።

ጎሚስታው፣ ከሜክሲኮ፦

እኔ ስለ ብረቱ ልናገር። ለዚህ ጉዞ መሄጃ ብስክሌቶች ካርቶን ውስጥ ስናስገባ ነበርኩ፤ ሲመለሱም የፈታሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ጎማ ነው። ጎማ የትም ይገኛል። ሙሳንዜ አካባቢ ድንች ጭነው የሚወርዱ ብስክሌቶች ስላሉ ጎማ የሚለጥፍ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። የማይገኘው የኋላው የማርሽ መቀየሪያ ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚታሰርበት ትንሹ ብረት ነው። ይህ ብረት ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት ይሠራል፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ እርሱ ታጥፎ ዋናውን አካል ያድናል። ችግሩ ቅርጹ እንደየብስክሌቱ ዓይነት ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው አለመሆኑ ነው። አጃቢው መኪና ውስጥ አሥር ቸርኬ ብትጭኑም ይህ ብረት የተሰበረበት ሰው ከመኪናው ወንበር ላይ አይነሣም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ትርፍ በላስቲክ ክር ከኮርቻው ሥር አስሮ ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የማርሽ መቀየሪያው ተፈትቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይታሰር። አውሮፕላን ውስጥ የሚጫነው ዕቃ በየትኛው ጎኑ እንደሚጣል አይታወቅም፤ ባለፈው አንዱ ብስክሌት የደረሰው ይኸው ብረት ታጥፎ ነበር፤ አስተካክለነው ሄደ እንጂ ሦስቱን ማርሽ ቀኑን ሙሉ እየዘለለበት ነው የዋለው። ሦስተኛ፣ የዲስክ ፍሬን ያላችሁ ሰዎች ጎማው ሲወጣ በሸክላዎቹ መካከል የሚገባውን ፕላስቲክ አትርሱ፤ ያለ እርሱ ፍሬኑ ከተጨበጠ ሁለቱ ሸክላዎች ይገጥሙና ለማላቀቅ ጊዜ ይፈጃል። የጎማው አየር ደግሞ ቀነስ ይበል።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ቪዛ ያስፈልጋል? ደግሞስ ለምን ኬንያ አይሆንም? ይቀርባል።

ሰንሰለት፦

ርዋንዳ ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች የ30 ቀን መግቢያ ያለ ክፍያ ድንበር ላይ ትሰጣለች፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ይያዙ። ኬንያ ጥሩ መንገዶች አሏት፤ ነገር ግን በግራ ስለሚነዳ በቡድን ለሚሄድ ሰው፣ በተለይ ድካም ሲመጣና አእምሮ ሲዝል፣ አደባባይ ላይ ወደ ለመደው ጎን መግባት ይከተላል። ርዋንዳ እንደኛው በቀኝ ነው የሚነዳው። በመንገዱ ላይ የፍጥነት ካሜራ ስለበዛም መኪናው ሁሉ ረጋ ብሎ ነው የሚሄደው።

በሶ በጥብጡ፦

ስለ ምግቡ ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ፤ ባለፈው ጉዞ ጠርሙስ ሲያቀብል የነበረው ልጅ እኔው ነኝ። ሰው ለረጅም ሰዓት ሲነዳ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ቢወስድ ጉልበቱ ይቆያል፤ ሆዱን ያለማመደ ሰው እስከ 90 ሊደርስ ይችላል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ይህን ስታሰሉት ቀኑን ሙሉ መብላት ሥራ እንደሆነ ትረዳላችሁ።

በሶ ይዘን ሄደን ነበር፤ ሁለት ነገር ተማርን። ርዋንዳ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል የከለከለች አገር ስለሆነች በሶውንም ቆሎውንም በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት አድርጉት፤ አለዚያ አየር ማረፊያው ላይ በእጃችሁ አፍሳችሁ ትቀራላችሁ። ሌላው፣ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከተበጠበጠ እየጓጎለ የጠርሙሱን አፍ ይደፍናል። ጠዋት ሰፊ ዕቃ ውስጥ ለብ ባለ ውሃና በማር በጥብጬ፣ በወንፊት አጥልዬ ስሞላው ነው የተስተካከለው። ከዚያም ቢሆን በሶን ከመነሣት በፊትና በረጅሙ ዕረፍት እንጂ ዳገት መሃል አትስጡ፤ አሰሩ ስለሚበዛ በጭንቅ ሰዓት ሆድ ይነፋል። ዳገት ላይ የሚሻለው ቴምር፣ ሙዝ፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው የተጨመረበት የሎሚ ውሃ ነው።

ቀን ስትመርጡ ደግሞ ጾሙን አስቡ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለኛ ሰው ይመቻል፤ እዚህ ዝናቡ ሲወርድ እዚያ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ለመንገዱም ይመቻል። ቅዳሜን ከመረጣችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እንዳይሆን፤ በዚያ ጠዋት አገሩ በሙሉ «ኡሙጋንዳ» ለሚባለው የጋራ ሥራ ስለሚወጣ የመኪና እንቅስቃሴ ይገታል፤ አጃቢያችሁም ይቆማል።

የሙሳንዜው ሰው፦

ስሜ ሳይጠቀስ የተወራብኝ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እኔም ልናገር። የመድረኩ አባላት የሰማችሁት ግማሹን ነው። ሙሳንዜ የደረስኩት ከተባለው ሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል አሳልፌ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ለምን ዘገየሁ? ከኪቩሩጋ በፊት አንድ ወንድማችን ሰንሰለቱ ተበጥሶ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት። መኪናው ጫፍ ላይ ነው። ሞተረኛው ውሃ ያለቀባትን ሌላ ሰው ይዞ ወደ ፊት ሄዷል። ሰንሰለት መግጠሚያው ያለው እኔ ዘንድ ነበር። ትቼው ልሂድ? ቆሜ ገጠምኩለት፤ ጥቁር ቅባት እስከ ክርኔ ነበር። እርሱ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ስለሆነ ወዲያው ጥሎኝ ሄደና በሰዓቱ ደረሰ፤ እኔ ደግሞ መኪና ውስጥ እንድገባ ተደረግሁ። ጉልበቴ አላለቀም ነበር። ሩባቩ ድረስ በመስኮት በኩል የገጠምኩለትን ሰንሰለት ሲያዞር እያየሁት ሄድኩ።

ደንብ መኖሩን አልቃወምም። ሰውን ረድቶ የዘገየና ደክሞት የዘገየ ሰው እኩል የሚታዩበት ደንብ ግን ጉድለት አለበት። በሚቀጥለው ጊዜ የተበላሸበትን ሰው ሁሉም «እጄ ባዶ ነው» እያለ ቢያልፈው ምን ይባላል?

ሰንሰለት፦

ወንድሜ፣ ታሪኩን ራስህ መናገርህ ይሻላል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለባልንጀራህ መቆምህን ማንም የሚያጣጥለው የለም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት እኔ ማወቅ የነበረብኝ ለምን እንደዘገየህ ሳይሆን ከሙሳንዜ እስከ ሐይቁ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብህና ብርሃን ስንት ሰዓት እንደቀረው ነው። ፀሐይዋ ለደጉም ለሰነፉም እኩል ነው የምትጠልቀው። በአማካይ ፍጥነትህ ስናሰላው የመጨረሻውን ቁልቁለት ስትጀምር ይጨልም ነበር። ደንቡን ያኔ ብለዋውጠው ኖሮ ከአንተ ኋላ ለነበሩት ለሌሎቹ ሁለት ሰዎችም መለወጥ ይገባኝ ነበር፤ እነርሱ ቅሬታ ሳያሰሙ ነው የገቡት።

የአራት ኪሎዋ፦

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ስሕተቱ ያለው እናንተ ያልነካችሁት ቦታ ነው ብዬ አስባለሁ። ሞተረኛው ለምን የኋላ ቦታውን ለቀቀ? ከሁሉም ኋላ እንዲመጣ የተቀጠረ ሰው አንድ ሰው ይዞ ወደ ፊት ከሄደ ቡድኑ በዚያ ሰዓት ጠባቂ የለውም። የሙሳንዜው ወንድማችን ያለ ውዴታው የሞተረኛውንም የመካኒኩንም ሥራ ሠራ። ውሃ ያለቀባት እህት እዚያው ሆና ስልክ ቢደወልላት መኪናው አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይደርስላት ነበር።

ጋሽ ለገሃር፦

ልጄ የአራት ኪሎዋ ትክክል ብለሻል። እኔም የምጨምረው አለ። ሞተሩ ላይ መካኒኩ ከሞተረኛው ኋላ ይቀመጥ። መኪና ውስጥ ምን ይሠራል? ቸርኬና ትልልቁ መሣሪያ መኪናው ላይ ይሁን፤ ሰንሰለት መግጠሚያ፣ ጥቂት ቁልፎችና የውስጥ ጎማ የያዘ ቦርሳ አንግቦ ከመጨረሻው ሰው ጋር ይምጣ። ያኔ የተበላሸበት ሰው የሚጠብቀው ባልንጀራውን ሳይሆን መካኒኩን ነው፤ ሌላው ሳይቆም ያልፋል፤ ማለፉም ነውር አይሆንበትም። የሙሳንዜው ልጅ፣ አንተ ያደረግኸውን እኔም በወጣትነቴ አደርገው ነበር። ሰንሰለቱ የተገጠመለት ሰው ግን ጥሎህ መሄዱ አልወደድኩለትም። ቢያንስ እስከ ሙሳንዜ ንፋሱን ከፊትህ ሆኖ ሊከላከልልህ ይገባው ነበር፤ ከሰው ጀርባ ተጠግቶ መንዳት የድካሙን ሩብ ያህል እንደሚቀንስ አያውቅም ማለት ነው?

ሰንሰለቱ የተገጠመለት፦

ጋሼ፣ ተግሣጽዎን ተቀብያለሁ። መጥቶ የሚከተለኝ መስሎኝ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁም።

ሰንሰለት፦

የጋሽ ለገሃር ሐሳብ ከእኛ ዕቅድ ይበልጣል። መካኒካችን በሞተር መሄድ ይፈራል እንጂ እጁ ወርቅ ነው፤ እርሱን የማሳመን ሥራ ለጎሚስታው እተዋለሁ። ስለ ሰዓቱም ሁለት ነገር ለማስተካከል አስባለሁ። መነሻችንን ወደ ንጋቱ 11 ሰዓት አምጥተን፣ ሾሮንጊን በመብራት መውጣት ነው፤ ዳገት ስለሆነ ፍጥነት የለውም፣ በማለዳም መኪናው ጥቂት ነው። ያገኘነውን ግማሽ ሰዓት የሙሳንዜውን ገደብ ሳንነካ እንደ መጠባበቂያ እንይዘዋለን። ውሳኔውን ደግሞ የሚሰጠው ከእኛ ጋር የማይነዳ፣ መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ይሁን። ባለፈው ወሳኙ እኔ ነበርኩ፤ እየነዱ፣ እየደከሙ፣ ባልንጀራን ፊት ለፊት እያዩ መወሰን ከባድ ነው።

ፔዳል፣ ከፒያሳ፦

ልምምዱንስ የት ነው የምትሠሩት? አዲስ አበባ ከኪጋሊ ከፍ ያለች ስለሆነች ትንፋሹን እዚህ እናገኘዋለን ማለት ነው?

የአራት ኪሎዋ፦

ትንፋሹን አዎ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ኪጋሊ 1,500 ገደማ ናት፤ ስለዚህ እዚያ ስትወርዱ ሳንባ ቀለል ይላል። ሙቀቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሐምሌን በዝናብና በብርድ ለብሶ የሚነዳ የአዲስ አበባ ሰው እዚያ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ላቡ ያስደነግጠዋል። እኛ እሑድ ማለዳ ከመስቀል አደባባይ ተነሥተን፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አልፈን እንጦጦን እንወጣለን፤ ሾሮንጊን የሚመስል ነገር ከዚህ ይበልጥ የቀረበ የለም። ጊዜ ያለው ሰው ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ይቀጥላል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ለማሟሟቂያ ጥሩ ናቸው፤ እግረኛው ስለሚበዛባቸው ግን በቡድን ፍጥነት አይነዳባቸውም። ዋናው ልምምድ የሚመስለኝ መኪና ይዞ መውጣት ነው። አንድ ጊዜ ደብረ ሊባኖስ ድረስ በአጃቢ ሄደን ሹፌሩም፣ ውሃ አቀባዩም፣ ሞተረኛውም አብረው ይለማመዱ። እስካሁን የተለማመድነው እኛ ብቻ ነን።

ጎሚስታው፣ ከሜክሲኮ፦

መካኒኩን አነጋግሬዋለሁ። በሞተር እሄዳለሁ ብሏል፤ ሄልሜቱን ራሱ ይመርጣል፤ ሞተረኛው ቁልቁለት ላይ ከ40 በላይ እንዳይነዳ አስቀድሞ ይነገረው ብሏል። ወደ ደብረ ሊባኖስ የምትሄዱ ሰዎች ብስክሌታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ አምጡልኝ። የማርሽ መቀየሪያውን ብረት ቅርጽ በየስማችሁ መዝግቤ ትርፉን ከወዲሁ ማፈላለግ አለብኝ፤ ለአንዳንዱ ብስክሌት ከውጭ ሰው ካላመጣው በስተቀር እዚህ አይገኝም። ዓርብ ዕለት የሚመጣ ብስክሌት አልቀበልም።